ቁጥር የሰጠሁት ፓምፕ

ከጎንደር የተነሣሁት ሚያዝያ ሃያ ስምንት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሥራዬ የመንግሥትን ንብረት ማስመዝገብ ነው። ወንበሩም፣ መኪናውም፣ የመንገድ መብራቱም፣ የውኃ ቦኖውም ቁጥር ይጻፍበታል። ለትናንሽ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የምዝገባ መመሪያ ያዘጋጀሁትና ሠራተኞቹን ያሠለጠንሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ መመሪያው እንዴት እየሠራ እንደሆነ ከመካነ ብርሃን መለስ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የደጋ ከተማ ሄጄ እንዳይ ታዘዝሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም። እውነቱን ለመናገር፣ ልመሰገን ነበር የሄድሁት።

እስከ ደባርቅ

ሚኒባሱ ሦስት መቶ ብር አስከፈለኝ። ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ዳባት ላይ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ገብታ እግሬ ሥር አስቀመጠቻት፤ ደባርቅ እስክንደርስ ጫማዬን ስትጠቀጥቅ ነበር። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ምሳዬን ጥብስ በላሁ። ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ስላጣሁ እዚያው አደርሁ።

ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ

ጥዋት ስኳርና ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ቧሂት ተራራ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያሳርፍ ሲቆም ወርጄ ጅብራ የሚባሉትን ረዣዥም የደጋ ተክሎች አየሁ፤ ጣቶቼ ግን ስልክ መያዝ አቃታቸው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ከገደል በታች ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች በመስመር ሲወጡ አየሁ። ብዙ ነበሩ።

«ከተማው ቦኖ የለውም እንዴ?» አልሁት።

«አለው እንጂ፣ እህቴ። ግን የመንግሥት ነው» አለኝ ሾፌሩ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁትምም።

ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤት ደረስሁ። የፋይናንስ ባለሙያው ሞላ ይባላል፤ ካሠለጠንኋቸው አንዱ ነው። መዝገቡን አወጣልኝ። አንድ ስርዝ የለውም፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የምንጩ የእጅ ፓምፕ ቁጥር አለው፣ የተገዛበት ዋጋ አለው፣ «ሁኔታ» የሚለው ዐምድ ላይ «አዲስ» ይላል። ከዚያ የበጀት ሰነዱን ገለጥሁ። «ጥገና» የሚለው መደብ ፊት ለፊት ሰረዝ ነው ያለው። ያምናውም ሰረዝ፣ የካቻምናውም ሰረዝ።

«ምነው ሞላ?»

«ንብረቱ አዲስ ነዋ። አዲስ ነገር ምኑ ይጠገናል?»

«የገባው እኮ ከሦስት ዓመት በፊት ነው።»

«ሁኔታውን መቼና ማን እንደሚቀይር መመሪያው ላይ የለም። ፈልጌ አጥቸዋለሁ።» እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። «ፓምፑ ከቆመ ስምንት ወር ሆነው። ለሚመጣው ዓመት ሌላ ፓምፕ ጠይቀናል። ለግዥ በጀት ይፈቅዳሉ፤ ለጥገና ግን መነሻ የሚሆነው ያምናው በጀት ዜሮ ስለሆነ አይፈቅዱም።»

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ውኃ የሚስብበት የውስጡ ጎማ» አለ።

ጎማው ደባርቅ ከበላሁት ጥብስ ይረክሳል። መመሪያውን ስጽፍ ስንት ቀን እንደደከምሁበት፣ ንብረት እንደሚያረጅ ግን አንድ መስመር እንኳ እንዳላሰፈርሁ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

የልደታ ዋዜማ

በማግሥቱ ምንጩን ለማየት ወረድን። ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁጥሩ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አያ ፈንቴ ይባላሉ፤ የምንጩ ጠባቂ ናቸው።

«ድሮ እንዴት ነበር የምትጠብቁት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ድሮማ የኛ ነበር» አሉ። «በልደታ ዋዜማ መንደሩ ተሰብስቦ ደለሉን ይጠርጋል። እኔ የአሮጌውን ፓምፕ ጎማ አወጣና ከተለፋ ቆዳ ቆርጨ ሌላ እተካለሁ። በማግሥቱ እዚሁ ንፍሮውን ቀቅለን ልደታን እናከብራለን። ይኼ አዲሱ ገብቶ ቁጥር የተጻፈለት ሰሞን፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የነካ ይጠየቃል የሚል ደብዳቤ መጣ። እኛም እጃችንን ሰበሰብን።»

ያቺን ዐረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የመመሪያው ገጽ ስድስት ላይ ያለች ናት። ስጽፋት ሌባ ነበር በሐሳቤ የነበረው።

አያ ፈንቴ ከጋቢያቸው ሥር ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ቆዳ አወጡ። ቅቤ ጠጥቶ ለስልሷል። «ይኼውልሽ፣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ፈቃድ ሲመጣ እንዳልዘገይ ብዬ ነው።»

ስምንት ወር ሙሉ፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ፣ ቆዳው ብብታቸው ሥር። በሩን ግን አልከፈቱትም። የምራታቸውን ነገር የነገረኝ ሞላ ነው። ከወንዙ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ተንሸራታ እግሯ ተሰብሯል፤ ወጌሻ አስሯት ከተኛች ዘጠነኛ ሳምንቷ ነው። ለቤቱ ውኃ የሚቀዱት አሁን የአያ ፈንቴ ሚስት ናቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያው ገደል።

«ፈቃዱን ማን ይስጥ?» አልሁ።

«የበላይ አካል» አለ ሞላ፣ እኔን እያየ።

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ኦዲተር ቢመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከቦርሳዬ የውሎ አበል ቅጼን አወጣሁና ጀርባው ላይ «ጠባቂው ፓምፑን ከፍተው እንዲጠግኑ ፈቅጃለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁበት። አያ ፈንቴ ማንበብ ስለማይችሉ ሞላ ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉን ከአንገታቸው ያወለቁት።

ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ፓምፑ መጀመሪያ ዝገት ተፋ፣ ቀጥሎ ውኃው ጠራ። ሴቶቹ እልል አላሉም፤ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰለፉ፣ በቃ።

ስንመለስ አያ ፈንቴ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች አሳዩኝ። ያስጻፏቸው ማመልከቻዎች ናቸው። ግርጌያቸው ላይ «ግልባጭ» ይልና የኔን ቢሮ ይጠራል።

«ለናንተም ልኬ ነበር እቴ።»

«እኔ ዘንድ አልደረሰም፣ አያ። ቢደርሰኝማ ዝም አልልም ነበር።»

«ይሁን፤ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ሸጋ አድርገሽልናል» አሉኝ። አመኑኝ።

ጎንደር

በልደታ ጠዋት ከተማዋን ስለቅ፣ የአጥሩ በር ተከፍቶ ምንጩ አጠገብ ጉልቻ ጎልተው ንፍሮ ሲቀቅሉ ከመኪና ላይ አየሁ። እስከ ደባርቅ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። በመመሪያው ላይ የምጨምራቸውን ዐምዶች ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ፤ ዕድሜው፣ የዓመት ጥገናው፣ የሚጠብቀው ሰው ስም። ንብረት መመዝገብ ንብረት መጠበቅ ይመስለኝ እንደነበረም ጻፍሁ።

ቢሮ የገባሁ ዕለት ሪፖርቱን ከመጀመሬ በፊት የገቢ ደብዳቤዎችን ሳጥን ከፈትሁ። የአያ ፈንቴ ማመልከቻዎች መንገድ ላይ መቅረታቸውን ማረጋገጥ ፈልጌ ነበር። ሁለቱም አሉ። ማኅተም ተመትቶባቸዋል፣ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱም ላይ በጠርዙ በኩል «ለመረጃ ይያዝ» ይላል። ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ፊርማውም የኔ ነው። አንደኛው የተጻፈበት ቀን ምራታቸው ከመውደቋ ከአምስት ወር በፊት ነው።

ማንበቤን አላስታውስም። በዚያ ቀን ምን አጣድፎኝ እንደነበረም አላስታውስም። ወንበሬ ላይ ተቀምጨ እጄን ሳይ ዋልሁ።

ሪፖርቱን ተውሁትና አንድ ወረቀት ሳብሁ። ሞላ ሁለት ጊዜ አንብቦ እንዲያሰማቸው ከላይ ጻፍሁበት። ከዚያ ጀመርሁ፦ «አያ ፈንቴ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኝ ነበር።»