ያልሞላው አርዲቦ

ኮምፒውተር ላይ ግራጫ ሳጥን ሳይ እጄ ይቆማል። በቀደም ደሴ ባለው መሥሪያ ቤታችን ያረጁ ላፕቶፖች ሲወገዱ፣ ምን እንዳለው ልይ ብዬ አንዱን ከፈትኩት። የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። አንድ የቆየ ገጽ ተከፈተና መሐሉ ላይ ምንም የሌለበት ግራጫ ሳጥን ተገተረ። ባልደረባዬ "ጣይው፣ የሞተ ነገር ነው" አለኝ። አልጣልኩትም። ጠረጴዛዬ ሥር ሸጎጥኩት።

ይህን የምነግርህ አንተ አላየሃትም እንጂ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። አርዲቦ ከሚባለው ትንሽ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሐይቅ ከተማ እኛ ቤት እያደረች አብረን ሁለተኛ ደረጃ ተማርን። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል መስኮቶች ፀሐይ እንዳይገባ ጋዜጣ ተለጥፎባቸው ስለነበር፣ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ፊቷ ላይ ያርፍ ነበር። እዚያ ቁጭ ብላ፣ መምህራችን እያገዛት፣ አፕሌት ሠራች። አፕሌት ድረ ገጽ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሷ አፕሌት ላይ ዝናቡን በማውስ ከፍ ስታደርገው አርዲቦ ይሞላል፣ ይተርፋል፣ ከዚያ ቁልቁል ፈስሶ ከተማችን አጠገብ ያለው ትልቁ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ይህን ስታይ ትስቅ ነበር፣ እንደ ሕፃን።

አባቷ ግን ፓስፖርት አውጥተውላት ነበር። የመንደሩ ሴት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ የሷም ተራ ደረሰ። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሬያቸው ሞቶ፣ መሬታቸው ጦም አድሮ ጨንቋቸው ነው። የሠራችውን ነግራ፣ እንዲያስቀሯት እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው።

"ይሄ የምትይው ውሃ ሲፈስ በዓይኔ ካየሁ ወላሂ ትቀሪያለሽ" አሏት።

በዚያ ሰሞን ውጫሌ ላይ የተማሪዎች ሥራ የሚታይበት ዝግጅት ነበርና እዚያ መጥተው ሊያዩ ተስማሙ።

ታዲያ ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር ነበር። አፕሌቷ ብቻዋን አትሠራም። ላይብረሪ የሚባሉ፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ኮዶች ያስፈልጓታል፤ እነሱን የምታመጣው ደግሞ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ነው። የኛ ክፍል ኮምፒውተር አንዴ አምጥቶ ስላስቀመጣቸው ሁልጊዜ ይሠራልን ነበር። የውጫሌው ግን ባዶ ነው፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ከሩቅ መጠበቅ ነበረበት።

መምህራችን ነገሩ ገባው። "አሁን ኔትወርክ አለ፤ ቶሎ ክፈቺው" አላት በሹክሹክታ።

በኛ አገር ሳይመረቅ የሚጀመር ሥራ የለም። ከእንግዶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባቷ ስለነበሩ ዱዓው ለሳቸው ተሰጠ። እጃቸውን ዘረጉ።

"አባቴ እየመረቀ እንዴት እነካለሁ?" አለች፣ እሷም እጇን ዘርግታ።

"ያ ረቢ፣ የልጆቻችንን እጅ ባርክ። ከክፉ ዓይን ሰውራቸው። ዝናቡን የረህመት፣ የምሕረት ዝናብ አድርገው…" ቤቱ "አሚን!" ይላል፤ እኔ "አሜን" እላለሁ። ለገዛ ልጃቸው ነበርና የሚመርቁት፣ አስረዘሙት። መምህራችን ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ላቡን ይጠርግ ነበር።

ዱዓው ሲያበቃ ከፈተችው። ተራራው መጣ። የአርዲቦ ዳርቻም መጣ። ውሃው ሳይመጣ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳጥኑ ግራጫ ሆነ። ዘግታ ከፈተችው፤ ያው ነው። አባቷ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እንግዳው ሁሉ ወጥቶ እንኳ ጠበቁ።

"አልፈሰሰም?"

"ይፈሳል አባዬ።"

በመጨረሻ ተነሱና ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አላህ ያለው ነው" አሏት። እሷ አፕሌቷን የያዘውን ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ነቅላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ክረምቱ ሳይወጣ ሄደች። ሚኒባሱ ሲነሳ አላለቀስኩም፤ ደንዝዤ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ አሁንም እንደደነዘዝኩ ነኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር። ከዚያ ቁጥሯ መነሳት አቆመ። ከሷ በኋላ ከሄዱት አንዳቸውም አየናት አላሉም።

ያንን የተጣለ ላፕቶፕ ቤቴ ወስጄ ፍላሹን ሰካሁበት። አሁን ኮምፒውተር ሥራዬ ስለሆነ አላስቸገረኝም። ላይብረሪዎቹን ፈልጌ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ከሩቅ የሚጠበቅ ነገር አላስቀረሁም። ከዚያ ይዤው አርዲቦ ወረድኩ።

አባቷ አርጅተዋል። ላፕቶፑን ስዘረጋው ገና ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እጃቸውን ለዱዓ አነሱ።

"አባባ፣ ዛሬስ መጀመሪያ ይዩት" አልኳቸው።

ዝናቡን ከፍ አደረግኩት። አርዲቦ ሞላ፣ ተረፈ፣ ፈሰሰ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ።

"ድገሚው" አሉኝ።

ደገምኩት። ከደጅ የውሃው ሽታ ይመጣ ነበር።

"እንግዲህ በዓይኔ አየሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ደውይላት ልጄ። አባትሽ አይቷል፣ ትቀሪያለሽ ብሏል በያት።"

"እሺ አባባ" አልኩ።

ስልኬን አውጥቼ ያንን የማይነሳ ቁጥር ደወልኩ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ "አሜን" አልኩ።