ፈረንሳዩ ቤት ለገበያ የወጣበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር ስልኬን ስነካካ አንድ የቤት ማስታወቂያ ፊቴ ድቅን አለ። ታሪካዊ፣ በፈረንሳይ ስልት የተሠራ የገጠር ቤት፣ ከነፈረስ ጋጣው፣ ከነወይን ጓዳው፣ ከሰፊ ግቢ ጋር ይሸጣል ይላል። ፎቶውን ከፈት ሳደርገው ግራጫዎቹን የመስኮት መዝጊያዎችና በሩ ላይ የተጠማዘዘውን ሐረግ አየሁና ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ያ ቤት ነው! ቀባብተውት፣ ጋጣውንም የሠርግ አዳራሽ አድርገውት ነው እንጂ ራሱ ነው። ዋጋውን አላየሁትም። አይቼስ ምን ላመጣ!

ልጅ እያለሁ አንድ በጋ የኖርንበት ግቢ ነው። ኖርንበት ስል ደግሞ የባላባት ልጅ ነበረች እንዳትሉኝ። እማዬ የቤቱን ባለቤት፣ ማዳም የምንላትን አሮጊት ፈረንሳዊት፣ እየተንከባከበች እዚያው ታድር ነበር። ከሜልቦርን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በትምህርት ጊዜ እኔ ሜልቦርን፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር የምንኖርበት የመንግሥት ፎቅ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ዘንድ እቀራለሁ፤ ያን በጋ ግን ትምህርት ሲዘጋ እማዬ ይዛኝ ሄደች። የምንተኛው ከጋጣው ጎን፣ ድሮ ሠረገላ ነጂው ይኖርበት በነበረ አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

የፎቅ ልጆች የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሊፍት ሲበላሽ ደረጃውን እየቆጠርን፣ የሁሉም ቤት ወጥ እየሸተተን ነው ያደግነው። እዚያ ግቢ ስገባ ታዲያ ምድር ሁሉ የእኔ የሆነች መሰለኝ። የጋጣው ወለል አራት ማዕዘን ድንጋይ ስለነበረ ኖራ እንኳን ሳልፈልግ ብቻዬን ሰኞ ማክሰኞ እጫወትበታለሁ። ፀሐይ የጠበሰው ሣር ይሸታል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ወይን ጓዳው ግን የሚሸተው ሌላ ነበር፤ እማዬ በገባች ቁጥር ቆም ትልና "ልክ የእናቴ ጠላ ጋን!" ትላለች።

እናቷ ደሴ ነበሩ። እማዬ ያኔ በሱዳን በኩል ከአገር ስትወጣ በእኩለ ሌሊት ተነስታ፣ እናቷን ሳትሰናበት ነው የወጣችው። እኔም የተወለድኩት ሱዳን ስለሆነ አያቴን የማውቃቸው በካሴት ብቻ ነው። ሰው ሲመጣ በካሴት ድምፃቸውን ይልካሉ፤ የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ አውርተው አውርተው፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ "ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት ጸልዪልኝ ልጄ" ይላሉ። እማዬ እዚያ ላይ ስትደርስ ቴፑን ታጠፋዋለች። ያን በጋ ግን አታጠፋውም ነበር። የማዳም ልጆች እናታቸውን ወደ አረጋውያን ቤት ሊወስዱ፣ ቤቱን ደግሞ ሊሸጡ ወስነው ስለነበር፣ እማዬ ሥራዋ እንደሚያልቅ ስታውቅ እናቷን ልታይ ትኬት ቡክ አደረገች። ሻንጣዋ ከአልጋችን ሥር ተከፍቶ ይውላል፣ በየቀኑ አንድ ነገር ይገባበታል። ቤቱ ለገዢ ከታየ በሳምንቱ ልትበር ነበር።

ቤቱ ለገዢዎች የሚታይበት ቅዳሜ ደረሰ። እማዬ ከንጋት ጀምራ ስትወለውል፣ አበባ ስትደረድር ቆየችና ረፋዱ ላይ በር ተከፈተ። ፈረንጆቹ መኪናቸውን ጠጠሩ ላይ እየደረደሩ መግባት ጀመሩ። ከመሃላቸው አንድ አሮጌ ነጭ ቫን ብቅ አለና ጋሼ ኃይሉ ከነጥቁር ሱፋቸው ወረዱ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከኋላቸው እትዬ ዘነበች፣ ከዚያ ደግሞ አራት አምስት ሰው፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ሴቶቹ ፌስታል አንጠልጥለው ወረዱ።

አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። አያቴ አርፈው ወሬው ፍሌሚንግተን የደረሰው ዓርብ ማታ ነበር። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው የሚነገረው። በሌሊት ተነስተው ሲመጡ መንገድ ጠፋባቸው፤ ጋሼ ኃይሉ ካርታ ማንበብ እችላለሁ ብለው ድርቅ ስላሉ ስንት የበግ እርሻ ዞረው ልክ ቤቱ ለገዢ ሲከፈት ደረሱ። ነጠላቸው በየፌስታሉ ነው።

እማዬ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሷ ነበረች ያወራቻቸው። በኪራይ አዳራሽ ነበር የምናስቀድሰው፤ አዳራሹን ለሌላ ሲያከራዩት እኛ ውጭ እንቆማለን። እሷም "የማዳም ቤት ሊሸጥ ነው፣ ጋጣው ብቻ ለመቅደስ ይበቃናል" ብላ አስቃቸው ነበር። እናም ስታያቸው እያጨበጨበች ሮጠች። "ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ለቀልድ ነበር! እውነት ልታዩት መጣችሁ?"

ጋሼ ኃይሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልክ ያኔ የቤት ሻጩ ኤጀንት ጥቁር ሱፎቹን አይቶ ትልልቅ ነጋዴዎች የመጡ መሰለው መሰለኝ፣ እየሳቀ መጥቶ ሁሉንም ጨበጠ፣ ሥዕል ያለበት ወረቀትም አደላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ቀሩ። በባዕድ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሃል፣ መርዶ እንዴት ይነገራል? እማዬ ደግሞ አትያዝም፤ እትዬ ዘነበችን በክንዳቸው ይዛ ወደ ሳሎን ገባች።

አቤት ያዞረቻቸው መዞር! ሳሎኑን፣ እልፍኙን፣ የእርግብ ቤቱን፣ የፍራፍሬውን ግቢ፣ ምንም አልቀራትም። ወይኑን የተከለው ፈረንሳዊ የማዳም ባል አያት እንደሆነ፣ ድንጋዩም ከየት እንደመጣ ትነግራቸዋለች። ጋሼ ኃይሉ ላዩም ላይ ታቹም ላይ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ይላሉ። ወይን ጓዳው ውስጥ ስለ እናቷ ጋን ስታወራ መሐረባቸውን አወጡና ሳሉ። እትዬ ዘነበች ወደ ኋላ ቀረት ብለው ጆሮዬን ያዙና "እናትሽ ቁርስ በልታለች?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። አልበላችም አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ደግሞ ርቧቸው መስሎኝ ነበር!

ጋጣው ጋ ስንደርስ እማዬ መሃል ላይ ቆማ እጆቿን ዘረጋች። መቅደሱ እዚህ፣ የሴቶች መቆሚያ እዚያ፣ ለጥምቀትም ኩሬው አለላችሁ አለች። "እናቴን ይዣት ስመጣ እዚህ ነው የማስቆማት፣ ከምሰሶው ሥር፤ እግሯ መቆም ስለማይችል ትደገፋለች።" ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ምሳ ካልቀመሳችሁ አለች። እምቢ አሉ። ሐበሻ ሦስት ጊዜ እምቢ ቢል ወግ ነው፤ እነዚህ ግን አምስት ጊዜ ስትለምናቸውም እምቢ አሉ። እማዬ ግራ ገብቷት ወደ እግሯ አየች። እትዬ ዘነበችም አብረው አዩ፤ ጨንቋቸው ነው መሰለኝ "ይሄ ጫማ እንዴት ያምራል" አሉ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የአሮጊት ጫማ ነበር።

"የእናቴ ነው" አለች እማዬ እየሳቀች። "አዲስ ጫማ እግሯን ስለሚልጣት ቤት ውስጥ እየተጫማሁ እያለሰለስኩላት ነው።"

እትዬ ዘነበች ቻል አድርገው የቆዩትን ያህል ቆይተው ነበር። ፌስታላቸውን ጣሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ያዙ። ያኔ ሁሉም ነጠላውን አወጣ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ለበሰ። እማዬ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ "እናቴን? እናቴን ነው?" አለች፤ የጋጣው ድንጋይ ላይም ተዘረረች። ያን ጩኸት እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

ገዢዎቹ ወረቀታቸውን እንደያዙ ጠጠሩ ላይ ደርቀው ቆሙ። ኤጀንቱ እየሮጠ መጥቶ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ። እንግሊዝኛ የሚቀናኝ እኔ ስለነበርኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቷ ሞተች አልኩት። እንዲህ ባጭሩ። ለራሴም የገባኝ ስናገረው ነው። ከዚያ ማዳም በከዘራዋ እያዘገመች መጣች፣ በዚያ ዕድሜዋ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና የእማዬን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። በፈረንሳይኛ ታባብላታለች፣ እማዬ በአማርኛ ታለቅሳለች። ገዢዎቹ አንድ ባንድ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

እማዬ ደሴ ሄደች፤ የደረሰችው ግን ለመቃብሩ ነው። ጫማውን ለአንዲት የደብሩ ባልቴት ሰጠችው። ባለፈው ወር ማስታወቂያውን ሳሳያት ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችውና እንዲህ አለችኝ፤ "ምስኪኖች፣ እነሱ እንዳጠፉ ነበር የሚያስቡት። እኔ ግን ያን ግቢ ስዞር እናቴ በሕይወት ነበረች እኮ። አንድ ሰዓት ጨመሩላት።"

አሁን ማን ለማን ይጨምራል? መርዶ በስልክ ይመጣል፤ ትራም ላይ ቆመሽ፣ ሥራ ላይ ሆነሽ፣ ሻማ ያለበት ፎቶ ይመጣልሻል፣ አጠገብሽ ያለው ፈረንጅ እንኳን አያውቅልሽም። ጋሼ ኃይሉ አርፈዋል። እትዬ ዘነበች አረጋውያን ቤት ናቸው፣ እኔንም አይለዩኝም።

በቀደም ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ የአክስቴ ልጅ ነው ከደሴ። አክስቴ ሙሉ፣ ለእማዬ የቀረቻት አንድ እህቷ፣ ሌሊቱን አርፋለች፤ ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት ይላል። የምጠራው ሽማግሌ አሰብኩ፣ አጣሁ። ብቻዬን አውቶቡስ ይዤ እማዬ ወደምትኖርበት ብሬብሩክ ሰፈር ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ። ገና እህል አልቀመሰችም፣ እኔን አይታ ነው ሽሮውን የጣደችው። ጥቂት ቆይታም "ሙሉ ስልኳን አላነሳ አለችኝ፣ እስቲ ሞክሪልኝ" አለች።

"ምሳ እንብላና እንደውላለን" አልኳት።

ደስ አላት። እየቆረሰች ሙሉ በልጅነቷ ስኳር ሰርቃ ጉንዳን እንዴት እንደወረራት ትነግረኝ ጀመር፣ እስኪያስነባት ድረስ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣ ሌላም ንገሪኝ አልኳት።