ዳር ያለው ባሕር

ዛሬ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ትሪሱ ነው። ትሪስ የምንለው እዚህ አገር መስኮትን በውጭ በኩል የሚሸፍነውን የፕላስቲክ መዝጊያ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንገጫገጫል። ገና ሳልከፍተው ሽታው ቀድሞኝ ገባ። የደረቀ አፈር ሽታ ነው፤ ዝናብ በሚጠበቅበት ወር ከምሥራቅ፣ ከበረሃው በኩል የሚመጣ። ጎረቤቶቼ ይህን ነፋስ ይወዱታል። ሰማዩ ይጠራል፣ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፣ ከተማችን ረሆቮት በየሰገነቱ አንሶላ ያሰጣል። እኔ ግን ከባሕር ይህን ያህል ርቄ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ፣ የአልጋ ጠርዝ እይዛለሁ። መሳቅ ትችላላችሁ። ፈሪ ነኝ፤ ፍርሃት የገባብኝን ቀን ግን አውቀዋለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ትምህርት ቤት ያጸዱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምላሳቸው ነበርሁ። ባንክ ስንሄድ፣ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ፣ እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ዕብራይስጥ እገለብጣለሁ። "እንዲህ በይው" ሲሉኝ እላለሁ፤ "ምን አለ?" ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ። ከአፌ የሚወጣው ቃል የእኔ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከኛ በታች ከትሪፖሊ የመጣ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ይኖር ነበር፤ አሽዶድ ወደብ ላይ ትንሽ የሞተር ጀልባ ነበረችው። እሱን አንቱ የማልለው ንቄው አይደለም። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፣ ሽማግሌውንም የማውቀው በዕብራይስጥ ነው። በሐኑካ በዓል የትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ረዳቱ ታመመበትና ደረጃው ላይ አስቆመን።

"አባሽ በአገሩ ምን ይሠራ ነበር?" አለኝ።

አባቴን ጠየቅኋቸው። መጥረጊያ ያጎበጠው ጀርባቸው ቀና አለ። "ባሕር ላይ ነው ያደግሁት በይው" አሉኝ።

የጣና ዳር ሰው ጣናን ሐይቅ አይለውም፤ ባሕር ነው የሚለው። እኔ ጣናን አላውቀውም፣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ አሻገርሁት። ባሕር በዕብራይስጥ ያም ነው። "ያም ላይ ነው ያደገው" አልሁት። የሽማግሌው ፊት በራ። የአባቴን እጅ ጨብጦ፣ "ነገ ጎህ ሲቀድ እንሂድ። አንቺም ነይ፤ ካለዚያ በምን እንግባባለን?" አለ።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ጥፋት አታገኙብኝም። ባሕር ያም ነው።

ያን ዕለት አባቴ እራት ላይ ሲያወሩ አመሹ ማለት ይቻላል። ወትሮ ዝምተኛ ነበሩ። ደንቢያ ሳሉ አያቴ የሠሯቸውን ገንቦዎች በደንገል ታንኳ ጭነው ከገበያ ገበያ ያደርሱ ነበር። "ጠዋት የሰው ነው፣ ከሰዓት በኋላ የነፋስ ነው" አሉን። "ነፋስ ድንገት ከተነሣ ግን እንዳትታገይው። ዘንግሽን ታስገቢያለሽ፣ ገንቦሽን አቅፈሽ ትተኛለሽ። ደንገል አይሰምጥ። ወስዶ ወስዶ አንዱ ዳር ይጥልሻል። ባሕር ዳር አለው።" እኔ ይህን እየሰማሁ አባቴን የመርከብ አዛዥ አድርጌ ሾምኋቸው።

በማግስቱ በሽማግሌው አሮጌ መኪና ስንሄድ እሱም የራሱን አወራ። በልጅነቱ ትሪፖሊ ሳለ አባቱ የሚፈራው ከደቡብ፣ ከሰሐራ የሚነሣውን ነፋስ ነበር። እዚህ ደግሞ ሻርኪያ የሚሉት የምሥራቁ ነው። "ዝናብ የያዘው ነፋስ ከምዕራብ ይመጣል፤ ቢያስፈራም ወደ ቤት ይገፋሃል" አለ። "ከበረሃ የመጣው ግን ከቤትህ ያርቅሃል። እኔ ጥቁር ደመና አልፈራም፤ በክረምት የጠራ ሰማይ ነው የምፈራው።"

ተረጎምሁላቸው። አባቴ ከት ብለው ሳቁ። "ጥሩ ሰማይ የሚፈራ ባሕረኛ! በይ ዝም በይ፣ ይህን አትንገሪው" አሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ስንወጣ ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ጀልባዋ ናፍጣና የከረመ ዓሣ ትሸት ነበር፤ ሽማግሌው ያለበሰኝ ቢጫ የዝናብ ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበር። አባቴ ሚዛናቸው ሳይዛባ ቆመው መረብ ሲስቡ ሽማግሌው አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወደቡ ርቆ ርቆ የክብሪት እንጨት አክሏል፤ እኔ ግን ምን ገዶኝ፣ ጠዋት የሰው ነው።

ከዚያ ውሃ መሀል የአፈር ሽታ መጣ።

ሽማግሌው መረቡን እንደያዘ ቀጥ አለ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ነበር። "ሻርኪያ" አለ፣ ለራሱ። ወዲያው መረቡን በጥድፊያ መሰብሰብ ጀመረ፣ ሞተሩን አስነሣ፤ በጥድፊያው መሀል ገመዱ ውሃ ውስጥ ወድቆ የሞተሩ መዘውር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ ጎኗን ለነፋሱ ሰጠች፤ ውሃ በጠርዙ ዘሎ ገባና እግሬ ቀዘቀዘ።

ሽማግሌው ቢላዋ ይዞ በጀልባዋ ኋላ ተዘቀዘቀ። ገመዱን እየቆረጠ ይጮህብኝ ነበር። "መቅዘፊያውን ይያዝ በይው! ፊቷን ወደ ነፋሱ! ያላ፣ ቶሎ ንገሪው!"

"ምን አለ?" አሉ አባቴ።

"ወደ ነፋሱ ይቅዘፉ አለ።"

"ወደ ነፋሱ? አብዷል? ተው በይው። ይቀመጥ። ወስዶ ዳር ይጥለናል።"

መቅዘፊያዎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ። ከጀልባዋ ወለል፣ ከውሃው ላይ ጋደም ብለው እኔን ወደ ደረታቸው ሳቡኝ፤ ገንቦዎቻቸውን እንደዚያ ያቅፉ እንደነበር ገባኝ። ጆሮዬ ደረታቸው ላይ ነበር። ልባቸው እንኳ አልፈጠነም። ከማዕበሉ ይልቅ ያ የልባቸው እርጋታ ነው ያስፈራኝ። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ነፋሱ ወደሚወስደን አየሁ። ምንም የለም። ውሃ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ሰማይ።

"ምን ይላል?" ብሎ ጮኸ ሽማግሌው።

"ቤሰደር ይላል!" አልሁት፤ እሺ ይላል ማለቴ ነው። በሕይወቴ የመጀመሪያው የውሸት ትርጉሜ ነው። ከዚያ ከአባቴ እቅፍ ወጥቼ መቅዘፊያውን እጃቸው ላይ ወረወርሁት።

"ቅዘፍ!" አልሁ። "ዳር የለውም! ይሄ ባሕር ዳር የለውም! ቅዘፍ!"

ይቅዘፉ አላልሁም። በኛ ቤት እናቴም ብትሆን አባቴን አንቱ ነው የምትላቸው። ከነፋሱ ጩኸት መሀል ያ ቃል ለብቻው ሲሰማ አስታውሳለሁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዞረው ወደ ምዕራብ አዩ፤ ቆየት ብለው አዩ። አባቴ ሲፈሩ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያስፈራቸው ደግሞ ነፋሱ ብቻ አልነበረም።

ቀዘፉ። እጃቸው ተላጠ፣ የመቅዘፊያው እንጨት ቀላ፣ እሳቸው ግን አላቆሙም። ውሃውን በባልዲ ስንት ጊዜ እንደጨለፍሁ አላውቅም፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፣ ልክ እንደ ትሪሱ። ብቻ ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ። ወደቡ ስንደርስ ሽማግሌው የአባቴን የተላጡ መዳፎች ይዞ ሳማቸው። "አባሽ ባይቀዝፍ አልቀን ነበር። ንገሪው" አለኝ።

ነገርኋቸው። ምን አለ ብለው አልጠየቁኝም ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ፣ "ባሕሩ እንዴት ነበር?" አለች።

"ባሕር አይደለም" አሉ አባቴ ጫማቸውን እየፈቱ። "ያም ነው።"

ከዚያ ወዲህ ያንን ውሃ አንድም ቀን ባሕር ብለውት አያውቁም። ጣና ብቻ ባሕር ሆነ፤ እሱንም ማንሣት ተዉ። ሽማግሌው ደጋግሞ ጠራቸው፣ አልሄዱም፤ ወደ መጥረጊያቸው ተመለሱ። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ አውቀዋለሁ ያሉት አንድ ነገር ባሕር ነበር፣ እሱንም እኔ ነኝ በአንድ ጩኸት የነጠቅኋቸው። ሕይወታችንን አትርፌበታለሁ፤ ቢሆንም ይቆጨኛል። አንተ ያልኋቸውን ይቅርታ ሳልጠይቅ አደግሁ። እሳቸውም አላነሡብኝም።

አሁን አባቴ እኔ ዘንድ ናቸው፣ በሚቀጥለው ክፍል። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት በዕብራይስጥ የነገረኝን አልተረጎምሁላቸውም። እሳቸውም ምን አለ አላሉኝም፤ ፊቴን አይተው ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።

ዛሬ ጠዋት ትሪሱ ሲንገጫገጭ ገባሁ። ነቅተው ነበር። በብርድ ልብሱ ላይ ሁለቱን እጆቻቸውን ጨብጠው ወደ ደረታቸው ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ ይስባሉ። ትንፋሻቸው ያጥራል።

"ነፋስ ነው?" አሉ።

"አዎ አባባ።"

"ከየት በኩል?"

የአፈሩ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁና የጨበጡትን እጆቻቸውን አንድ በአንድ ፈታሁ።

"ከምዕራብ ነው" አልኋቸው። "ወደ ቤት የሚገፋው።"

"እንግዲያ አልቅዘፍ?"

"አይቅዘፉ አባባ። ይተኙ። ዳር አለው።"