ከቀዩ ሥር

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮልፌ ውስጥ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት እሠራ ነበር። የተነፈሰ ጎማ አወልቃለሁ፣ ቀዳዳውን ፈልጌ በማስቲሽ እለጥፋለሁ። ከደንበኞቻችን አንዱ አጥር የሚያዋስኑኝ ባለታክሲ ነበሩ። እንደማንኛውም ታክሲ ሰማያዊና ነጭ የሆነች ሰይቼንቶ ነበረቻቸው። ቸርኬዎቿ ግን አረንጓዴ ናቸው። ጎማው የሚታሰርበትን ብረት አረንጓዴ ያስቀባ ሌላ ባለታክሲ መርካቶም ሆነ ሳንሱሲ አላየሁም።

የቀባቸው ልጃቸው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ የበር ቀለም በጣሳ ይዞ መጥቶ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተንበርክኮ አራቱንም ሲቀባ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። አባትየው ማታ ገብተው ሲያዩ፣ መኪናዬን የሰርግ ቤት አስመሰልካት ብለው ጮኹበት። ሁለት ወር አልቆየም፤ አብዮት ጥበቃዎች ልጁን ከቤት ወሰዱት። አልተመለሰም፣ አስከሬኑንም አልሰጧቸውም። በዚያ ጊዜ በፀረ አብዮትነት ለተገደለ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ከል አይለበስም፣ ድምፅ አውጥቶ አይለቀስም። እናትየው ራስ ምታት ነው ብለው ሻሽ ጠምጥመው ሳምንት ተኙ። አባትየው በሦስተኛው ቀን ሥራ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቸርኬዎቹ ላይ ጭቃ ሲያድር አይቼ አላውቅም።

ሁለት ዓመት አለፈ። መስከረም ሊጠባ ሲል የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ወደ ጎሚስታ ቤታችን መጣ። ለአብዮት በዓል ከሠፈራችን ስድስት ታክሲዎች ተመርጠዋል፣ በሰልፉ ያልፋሉ፣ ቸርኬያቸውም ቀይ ይሆናል አለ። ቀለሙን ቀበሌው ይሰጣል፣ ሥራው የእኛ ነው። ባለታክሲው ጎማ ሊያስነፉ መጥተው እዚያው ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ መቼም አብዮቱ ፊት አረንጓዴ ጫማ አድርጋ አትቀርብም» አለ ኃላፊው፣ ቸርኬውን በእግሩ ጫፍ መታ መታ እያደረገ።

«የታዘዘው ይሆናል፣ ጓድ» አሉ።

ቸርኬውን ማን እንደቀባው ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሲናገር ግን የሚያየው ቸርኬውን ሳይሆን ፊታቸውን ነበር።

ሌላ ቸርኬ ለጊዜው ገጥሞ ማለፍ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ያኔ የሰይቼንቶ ቡሎን እንኳ በስንት ልመና ነበር የሚገኘው። አይሆንም ማለት ደግሞ የልጁን ስም ማንሳት ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ጎማውን የሚያዩ መስለው፣ ተቀብቶ ኋላ የሚነሳ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው የቀባው እንዳይጠፋባቸው መሆኑን ለመናገር አልደፈሩም፤ እኔም እንዲናገሩ አላደረግሁም።

አንድ የማውቀው ነገር ነበር። ከወራት በፊት ማስቲሽ የብረት ጠረጴዛችን ላይ ተደፍቶ ደርቆ ነበር። ጫፉን በጥፍሬ ባነሳው እንደ ቆዳ ሆኖ በአንድ ላይ ተላጠ። የጠረጴዛው ቀለም ምንም አልሆነ። ጎማ መለጠፍም፣ ግጥም መቋጠርም ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ የተማርኩ ስለነበርኩ፣ ያኔ አንድ ጊዜ ያየሁትን ነገር ሁሉ ያወቅሁት ይመስለኝ ነበር። «ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

ማስቲሹን በቤንዚን አቀጠንኩ፣ የቀበሌውን ቀይ ቀለም ቀላቀልኩበት፣ የትንኝ መንፊያ ፍሊት ውስጥ ሞልቼ ጓሯችን በወደቀ አሮጌ ቸርኬ ላይ ነፋሁት። መጀመሪያ ስስ አድርጌ ነበር፤ ልልጠው ስል እየተበጣጠሰ አስቸገረኝ። ደግሜ፣ እያደረቅሁ አምስት ጊዜ ደረብኩበት። ያኛው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ውልቅ ብሎ ወጣ። ልጣጩን ወስጄ አሳየኋቸው። ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩት።

«ከሥር ያለውን አይነካም?» አሉ።

«ምንም አይነካም፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ግቢያቸው ገብቼ ጎማዎቹን በጋዜጣ ሸፋፍኜ ቸርኬዎቹ ላይ ቀዩን ነፋሁ። ከፍሊቱ የሚወጣው ጉም አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ነጠብጣብ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ መሰለ፣ በሦስተኛው ዙር ቀይ ሆነ። እሳቸው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው አራተኛው ቸርኬ እስኪያልቅ አልተነሱም።

ሰልፉ በሰላም አለፈ። በዚያው ቀን እንዳነሳላቸው ፈለጉ፤ በበዓሉ ማግሥት ቀይ ላጡ እንዳይባሉ አንድ ሳምንት እንታገሥ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ ቆም ብለው የቀረውን ቀን ያስታውሱኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት የግቢውን በር ዘጋን። እናትየውም ወጥተው ከበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ከፊት ግራው ጀመርኩ። ጠርዙን በጥፍሬ አነሳሁት፣ ሳብ አደረግሁት፣ ቆዳው ሳይበጠስ ተከተለኝ። ደስ አለኝ። እንዳሰብኩት ነው የሚመጣው ብዬ ቀና ስል የሁለቱም ዓይን ቸርኬው ላይ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። ከሥር የወጣው ባዶ ብረት ነው። አረንጓዴው በእጄ ከያዝኩት ቆዳ ጀርባ ጋር ተጣብቆ መጥቷል።

የሞከርኩበት አሮጌ ቸርኬ ቀለሙ ከፋብሪካ የወጣ፣ በእሳት የደረቀ ነው። ልጁ የቀባው ግን የበር ቀለም ነው፣ በብሩሽ። ማስቲሹን ያቀጠንኩበት ቤንዚን አለስልሶ ነቅሎታል። እኔ ከሥራ ስወጣ እጄ ላይ የቀረ ቀለም የማስለቅቀው በቤንዚን ነበር። አውቀው ነበር ማለት ነው። አላሰብኩትም።

«ተው፣ አትንካው» አሉ ባለታክሲው።

ግን የቀረውም በራሱ ክብደት ተላቆ እግሬ ሥር ወደቀ። እናትየው ተነሥተው መጡ፣ አነሱት፣ አረንጓዴውን ወደ ላይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የብሩሹ መስመር አንድ በአንድ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ በዝቶበት ወርዶ፣ ልጁ በጣቱ ሊጠርገው ሞክሮ የተወው ነበር። እዚያ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አላለቀሱም። እኔ በሙቅ ውሃ ቀስ ብዬ ብሞክረው፣ በዘይት ባለሰልሰው እያልኩ ብዙ ተናገርኩ፤ አንዱንም የሰማ አልነበረም።

ባለታክሲው ሦስቱን ቸርኬዎች እየዞሩ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ካልተላጠ ከሥር አለ?»

«አለ» አልኩ።

«እንግዲያው ይኑር።»

ሦስት ቀይና አንድ ባዶ ቸርኬ ይዞ ግን ከግቢ መውጣት አይቻልም፤ ቀዩን ምን ነካው የሚል አይጠፋም። ባዶውን እዚያው በብሩሽ፣ በዘይት ቀለም ቀይ እንድቀባው አዘዙኝ። ቀባሁት። «ይኼኛው አይላጥ» ብቻ ነው ያሉኝ። ስድብ በጠበቅሁበት ሰዓት ይቺ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንድ ስንኝ አልቋጠርኩም።

ከበዓሉ በኋላ ሌሎቹ አምስት ባለታክሲዎች የተቀባላቸውን አንድ በአንድ እየፋቁ ወደ ድሮ ቀለማቸው ተመለሱ። ወር ባለፈ ጊዜ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ያ ኃላፊ ተነሥቶ፣ በሠፈራችን ለአብዮቱ ያላቸው ፍቅር በአንድ ቀን ሰልፍ ያላበቃ አንድ ባለታክሲ ብቻ ናቸው አለና እሳቸውን አስነሣ። ቤቱ አጨበጨበ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። ከጎናቸው የተቀመጡት ባለቤታቸውም ያጨበጭቡ ነበር፤ እጃቸው ሲገናኝ ድምፅ አልነበረውም። እኔም አጨበጨብኩ።

የማስቲሽ ቆዳ ግን ፀሐይና ጭቃ አይችልም። በስብሰባው ማግስት የኋላ ቀኙ ጠርዝ ተነሥቶባቸው መጡ። ከመኪናዋ ሳይወርዱ በመስኮት ጠቆሙኝ። የተነሣውን ሳልስበው በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ መልሼ ተጫንኩት፣ ፍሊቱን ሞልቼም ላዩ ላይ ሌላ ቀይ ደረብኩበት።