መክሳቴ ያስለቀሳቸው ሰዎች

እኛ ላሊበላ ሴት ስትወፍር «አምሮብሻል» ትባላለች። ስትከሳ ግን ድንኳን መጣል ብቻ ይቀራታል። ጡቴ ውስጥ እብጠት የተገኘ ሰሞን እኔ በጣም አምሮብኝ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። የእኔ ዓይነቱ እብጠት በሴት ሆርሞን ነው የሚያድገው። የወር አበባ ከቆመ በኋላም ቢሆን የገላ ስብ ያንኑ ሆርሞን ይሠራል። ስለዚህ ኪኒኑን በየቀኑ መዋጥ፣ ክብደትም መቀነስ አለብኝ። የምበላው ቅባት ራሱ እብጠት ያሳድግ እንደሆነ ግን ሐኪሞች ገና እየተከራከሩበት ነው አለኝ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ጿሚ ነኝ፤ የዓመቱን እኩሌታ ቅቤ አልቀምስም» ብዬ ኮራሁበት።

«ወጡን ታዲያ በምን ይሠሩታል?»

«በዘይት።»

«ምን ያህል?»

ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፤ ሽሮዬ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ እንግዳው ስስታም ይለኛል። እንዲህ አድርጌ ነው ስጾም የኖርኩት።

ኪኒኑን ያዝኩ፣ ዘይቱን ቀነስኩ፣ ጠዋት ጠዋት የአሸተን ማርያምን ዳገት ተያያዝኩት። አስጎብኚዎቹ መጀመሪያ ላይ «እማማ፣ በቅሎ እናምጣልዎ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ቀሚሴ ሲሰፋኝ ቀልዱን ትተው አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉኝ ጀመር። ጎረቤቶቼም ሊጠይቁኝ መጡ። «ውይ በሞትኩት! ምን ቀረሽ?» እያሉ ያቀረብኩላቸውን ሽሮ ዘይቱ እስኪደርቅ ይጠርጉታል። ሆን ብዬ እንደከሳሁ ስነግራቸው ጭራሽ ተላቀሱ። አእምሮዋንም ነክቷታል ብለው ይሆናል።

የባሰችው ታናሽ እህቴ ናት። በፋሲካ ማግስት ቅቤ ተሸክማ ከፍላቂት በሚኒባስ መጣች። ስታየኝ ደረቷን ደቃች። ወዲያው ቅቤውን አንጥራ በብርጭቆ ይዛልኝ ቀረበች።

«ጠጪ፣ እትዬ።»

«አልጠጣም። ይኼን ስብ ያወረድኩት በስንት መከራ ነው!»

«እማዬም እንዲህ ከስታ አይደል ያመለጠችን? አንቺንም ልቅበር?»

ተናደድኩ። «እማዬ የከሳችው በሽታው በልቷት ነው። እኔ የከሳሁት እንዳይበላኝ ነው። ይልቅ አንቺ ታይተሻል?»

«እኔ?» ከት ብላ ሳቀች። «ምን ሆኜ? አታዪኝም እንዴ ስወፍር!»

«የተገኘብኝ ቀን ካንቺ እበልጥ ነበር» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። ብርጭቆውን አስቀመጠችና እጇን በነጠላዋ ሥር ወደ ብብቷ ሰደደች። ወዲያ ወዲህ አልዳበሰችም፤ እጇ ቦታውን ያውቀዋል።

«አያመኝም እኮ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

ፈራሁ። የእኔም አያመኝም ነበር።