የሰጠመው ሰው ድርሻ

ኑረዲን ማታ ማታ ከአውቶቡስ የሚወርደው ከቤቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ነበር። በመስታወት በተከለለው መጠበቂያ ውስጥ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ሴፍቲ ጫማውን ያወልቃል፤ ሁለቱን እርስ በርስ አጋጭቶ ጨዉን ያራግፋል፤ ከቦርሳው በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር የቆዳ ጫማ አውጥቶ ይጫማል፤ ጫፉን በእጅጌው ወልወል ያደርገዋል። ከዚያ የቢሮ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ያዘግማል። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር ውስጥ ይህን ያላየ ጎረቤት የለም። ያላየችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ጫማው የሚቀየረውም ለእሷ ነበር።

እሷ እናቱ እማማ ዙሀራ ናት። ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ስፖንሰር አድርጎ ያመጣት እሱ ነው። እማማ ዙሀራ ከኑረዲን በፊት ኢብራሂም የሚባል ልጅ ነበራት። ኢብራሂም የተሳፈረባት ታንኳ ከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ፣ ከዳር ብዙም ሳትርቅ፣ ሰው ከተጣራ በሚሰማበት ቦታ ላይ ተገለበጠች። ዳር ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። አንዱ እንጨት ያዝ ይላል፣ ሌላው እግርህን አንቀሳቅስ ይላል፣ ሦስተኛው ገመድ ያለው ማነው እያለ ይጠይቃል። ምክር ያልሰጠ አልነበረም። ገመድ ከወፍጮ ቤት ተፈልጎ እስኪመጣ ውኃው ምንም እንዳልዋጠ ሁሉ ረግቶ ተኛ። ኑረዲን ያን ቀን ደሴ ትምህርት ቤት ነበር፤ እናቱ ግን ከዳር ቆማ ሁሉንም አይታለች። ከዚያ ወዲህ የቀረላትን ልጅ ውኃ ዳር ሠርቶ እንዳይበላ አስምላዋለች።

ኑረዲን ደግሞ የሚሠራው የቶሮንቶ ወደብ ላይ ነው፤ በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ከመርከብ ያራግፋል። ይባስ ብሎ ወደቡ የባሕር ወደብ አይደለም፤ መርከቦቹ ከውቅያኖስ ተነሥተው ትልቅ ወንዝ ሽቅብ ይዘው ይምጡ እንጂ የሚቆሙት ሐይቅ ላይ ነው። ይህን ለእሷ ከመንገር ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል። ሁለት መኝታ ቤት ለመከራየት የሚያበቃ ሌላ ሥራ ስላላገኘ ውሸት አገኘ፤ ኢቶቢኮ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ቢሮ ነው የምሠራው አላት። እዚያ ያለው ውኃ የቧንቧ ብቻ ነው ብሎም አከለበት። ጫማውን ሥራ ቦታ ትቶ እንዳይመጣ የሠራተኞቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የደኅንነት ማሠልጠኛ ሆኗል። ሳጥኖቹ ተነቅለው ወጡ፤ በቦታቸው ወንበርና ሰሌዳ ገባ።

ለዚህ ሥልጣኔ ያበቃቸው ፍራኦል ነው። ፍራኦል የተርሚናሉ የሴፍቲ ሃላፊ ነው፤ ኮሌጅ የተማረው ይህንኑ ነው፤ ለደኅንነት ያለው ፍቅርም ለሠራተኞቹ ካለው ፍቅር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፊሽካ በአንገቱ፣ አንጸባራቂ ሰደሪያ በደረቱ፣ አንጸባራቂ ፈገግታ በፊቱ አድርጎ ይዞራል። ወደ መርከብ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ከዛገ ቆይቷል፤ ፍራኦል ቢጫ ጥብጣብ አሰረበት። ክረምት አልፎ ጥብጣቡ ሲያረጅ ስብሰባ ተጠራና ጥብጣቡ ተቀየረ። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ደረጃው ወድቆ ቢገድለን እንኳ ጥብጣቡ አዲስ ነው እየተባባሉ ይሥቁ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚያላግጠው ኑረዲን ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት የአደጋ ጊዜ ልምምዶች እንዲደረጉ ትእዛዝ መጣ፤ ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ፣ እሳት ሲነሣ፣ ያልታወቀ ሰው ግቢ ሰብሮ ሲገባ። ፍራኦል ሦስት ቀን ሥራ ከሚፈታ ብሎ ሦስቱን መቅሠፍት በአንድ ጠዋት አወረዳቸው። ድንገተኛው አደጋ ሐሙስ ከቁርስ በኋላ እንደሚደርስ ከወር በፊት ተነገረ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሚመጡ እንግዶች ድንኳን ተተከለ፤ ኩኪስና ሻይ ቀረበ።

የሰጠመውን ሰው ሆኖ የሚተውነው ኑረዲን ነበር። ለምን እሱ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ቀጭን ስለሆንኩ ለመሸከም ቀለልኩላቸው፣ ያለ እኔ ሬሳ የሚመስል አጡ ይላል።

ሰዓቱ ደረሰና ሰርጎ ገቡ ገባ። ሰርጎ ገቡ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ላገኘችው ሁሉ እጇን እያውለበለበች በዋናው በር አለፈች። የበሩ ዘበኛ መጀመሪያ ልጇ ከጉንፋኑ ተሽሎት እንደሆነ ጠየቃት፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ጮኸ። ሳይረኑ ተነፋ። ግቢው በወራሪ ሲደፈር በሮች ሁሉ ይዘጋሉ ስለሚል ደንቡ፣ በሮች ሁሉ ተዘጉ። ጭስ የሚተፋው በርሜል ተለኮሰ፤ ነፋሱ ግን ልምምዱን አላጠናምና ጭሱን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። እንግዶቹ በኩኪስ አፋቸው ሳሉ።

በዚህ መሀል ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ውኃ ውስጥ ተጣለ። ሁለት የጨው ሠራተኞች ገመድ የታሰረበትን ተንሳፋፊ ቀለበት ወረወሩ፤ ዘንግ ሰደዱ፤ አሻንጉሊቱን ሳይውል ሳያድር ጎትተው አወጡት። ያን ጠዋት በወጉ የተሠራው ይህ ብቻ ነበር። እንግዶቹ ዓይናቸውን እያሹ ስለነበር ማንም አላየውም።

አሻንጉሊት ለሐኪም ጥያቄ መልስ ስለማይሰጥ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቀጥለው ሰው ነው። ኑረዲን ከወደቡ ጠርዝ አጠገብ ቃሬዛ ላይ ተጋደመ። አንድ ባልዲ የሐይቅ ውኃ ተከለበሰበት፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። አምቡላንሱ በጊዜው ደርሷል፤ የቆመው ግን ከተቆለፈው በር ውጭ ነው። ዘበኛው ወራሪዋ በይፋ ሳትያዝ አልከፍትም አለ። ወራሪዋ ደግሞ ብርዱ ሲጸናባት ቢሮዋ ገብታ ሥራዋን ቀጥላለች። ስለዚህ አዳኞቹ ከውጭ፣ የሚድነው ከውስጥ፣ ካፊያው በሁሉም ላይ። ፍራኦል ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ ካሜራውን ይዞ መጣ። ጥርሱ የሚንገጫገጨውን ኑረዲንን ከላይ ከታች አነሣው።

«ኑሬ፣ ፊትህን አታኮማትር፤ ሞተሃል እኮ» አለው።

ከሰዓት በኋላ ልምምዱ እጅግ የተሳካ እንደነበር ተገለጸ። ፎቶውም በኩባንያው ገጽ ላይ ፖስት ተደረገ፦ ኑረዲን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩ ቀልቶ፣ ውኃ እየተንጠፈጠፈበት፤ ከኋላው መርከብ፣ ከመርከቡ ኋላ ሐይቅ። ከሥሩ ልምምድ መሆኑ ተጽፏል። ጽሑፉን ግን ማን ያነባል። ጨው የሚጭነው የከባድ መኪና ሾፌር አቤ ፎቶውን አየ፤ የሞተ መስሎት ለእድሩ ኮሚቴ ፎርዋርድ አደረገው። የተላከው ፎቶው ብቻ ነበር።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዋለልኝ ይባላሉ፤ ዌስተን በሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት። በሦስት ከተማ መርዶ ነጋሪ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ሌላው ሰው በልጆቹ እንደሚኮራ እሳቸው የሚኮሩት በነገሩት መርዶ ነው። ያን ማታ ኮሚቴው እሳቸው ቤት ተሰበሰበ። ለኑረዲን ደውሎ ደኅና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ለአንዳቸውም አልታያቸውም። የሞተ ሰው ስልክ ላይ አይደወልም። ቤቱ ቢደወል ደግሞ እናትዮዋ ታነሣዋለች፤ መርዶ በስልክ ተነገረ ሲባል የእድሩ ስም ምን ይሆናል። ለኩባንያው ደውለን እናጣራ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ ዋለልኝ ፈረንጅ የሐዘን ወግ አያውቅም ብለው ዝም አሰኙት።

እንጂ በሌላው ነገር አይታሙም። ወንበር የሚያመጣ፣ ድስት የሚጥድ፣ ውኃ የሚይዝ ወዲያው ተመደበ። ከእድሩ ሴቶች አንዷ ፊርደውስ የእናትዮዋን ክንድ እንድትደግፍ፣ አቤ ሕንፃው ሥር ሊፍቱን ይዞ እንዲቆም ታዘዙ። ጎሕ ሲቀድ ሁሉም በየቦታው ነበር። እነዚህ ሰዎች ፊሽካ አላስፈለጋቸውም።

ኑረዲን በሩ ሲንኳኳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ እያደረገ ነበር። እናቱ ስትከፍት ሰማ። ብዙ እግር ሲገባ ሰማ። ከዚያ የጋሽ ዋለልኝ ድምፅ ከአባታችን ከአዳም ጀምሮ ቀስ እያለ ወደዚህ ዘመን ሲወርድ ተሰማው። እናቱ አላስጨረሰቻቸውም፤ ሐይቅ ያለችው እህቷ ሞታ እንደሆነ ጠየቀች። አይደለችም ተባለ። የእህቷን ልጅ ጠየቀች። እሱም አይደለም ተባለ። በምድር ላይ ያለ ዘመዷን ሁሉ በስም እየጠራች ከሞት ስታወጣ ኑረዲን ደንግጦ ወጣ፤ እጁና ፊቱ እየተንጠፈጠፈ፣ በባዶ እግሩ።

«ማነው የሞተው?» አለ።

ፊርደውስ የእናትዮዋን ክንድ ለቅቃ ግድግዳውን ያዘች። አንዲት ሴት ወንበር ይዛ እንደገባች ዘርጋ አድርጋ ተቀመጠችበት። መጀመሪያ ራሳቸውን ያገኙት ጋሽ ዋለልኝ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ግን ከደስታ ይልቅ ቅያሜ ነበር፤ ገና አዳምን አልፈው ኖኅ ጋ አልደረሱም።

«ታዲያ ይኼ ማነው?» ብለው ስልካቸውን ዘረጉ።

ኑረዲን ሊቀማቸው ተንደረደረ፤ እናቱ ቀደመችው። ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከማዶ ያሉት ሕንፃዎች መብራታቸውን እያበሩ ነበር። ኑረዲን እሷ ግንባሩን ሳይሆን ከኋላው ያለውን እንደምታይ ገባው፤ ያ ሁሉ ጫማ ቅየራ መና መቅረቱንም አወቀ።

«ይኼ ሐይቅ ነው» አለች።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ኢቶቢኮ አልነበረም ወይ ያልከኝ?»

ኑረዲን ከፊቱ የተንጠፈጠፈውን ውኃ በባዶ እግሩ ወለሉ ላይ አሸው። እሷም አልጮኸችም፤ ማን እንዳወጣው ብቻ ጠየቀች።

«ማንም አላወጣኝም። ውኃ ውስጥም አልገባሁ። በባልዲ ነው ያፈሰሱብኝ።»

«ለምን ብለው?»

ወራት ሙሉ ሲያላግጥበት የኖረውን ነገር፣ ዘበኛውን፣ ጭሱን፣ ጥብጣቡን፣ አሁን በዚህ ሁሉ ጥቁር ለባሽ ፊት መከላከል የእሱ ዕዳ ሆነ። ልምምድ ነው አላት። ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንዴት እንደሚወጣ በየዓመቱ ይለማመዳሉ። ገመዱ ከመርከቡ ማቆሚያ አጠገብ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው፤ ፍለጋ የለም። ሁለት ሰዎች ቀለበት ይወረውራሉ፤ ወዲያው ይጎትታሉ። ትናንት ሲጎትቱ እኔ ተጋድሜ በዓይኔ አይቻለሁ አላት። በሩ ተቆልፎ እንደነበር ዘለለው።

እማማ ዙሀራ ስልኩን ለጋሽ ዋለልኝ መለሰችላቸው።

«እኛ ጋ» አለች፣ «የተለማመደ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ መስገጃዋን ፈለገች፤ ጀምበር ሳትወጣ እንስገድ ብላ ልጇን ከፊቷ አቆመችው። እድርተኛው ዳር ዳር ይዞ ጠበቀ። ሲጨርሱ ለለቅሶ የመጣው ምግብ ቀረበ፤ ለቀስተኛውም አንጀቱ እስኪርስ በላ። ጋሽ ዋለልኝ ብቻ ጥቂት ቀምሰው ተነሡ፤ ሊፍት እስኪደርሱ ድረስ በሕይወት ያለ ሰው ቢያንስ ማሳወቅ ነበረበት እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አቤ ሊፍቱን አሁንም እንደያዘ ነበር፤ የነገረው ሰው የለም።

እናትዮዋ ሥራህን ተው አላለችውም። ጫማውን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነጨዉ በሯ ላይ እንዲያወልቅ አዘዘችው፤ ማታ ማታ ጨዉን ራሷ ትጠርግና ጫማውን ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ኑረዲን ግን አሁንም አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል። አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ማሰሪያውን ይፈታል፣ ያስታውስና መልሶ ያስረዋል። ፍራኦል የልምምዱን የምስክር ወረቀት ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ደረጃው እንደዛገ ነው፤ ጥብጣቡ ግን በዚህ ዓመት ቀይ ሆኗል።

ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ኑረዲን ፈቅዷል፤ ውሸቱም፣ ባልዲውም፣ በባዶ እግሩ መውጣቱም። እንዲቀርለት የለመነው አንድ ነገር ነው። ቀጭን ስለሆነ የመረጠው የለም። ፍራኦል ማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ ቆሞ የሰጠመውን ሰው የሚሆን ማነው ብሎ ሲጠይቅ ሌላው ሁሉ ጫማውን ጫማውን ያይ ነበር፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣው እሱ ነው።