ለቆላ የተሠራ የመንዝ ቤት

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው። በመምህርነት የተመደብሁት ግን መርሐቤቴ፣ ከጀማ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ቆላ ውስጥ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ በየቆላው አዳዲስ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ጀማሪ መምህር የት እንደሚጣል አይታወቅም። እዚያው ያገሩን ልጅ፣ የሒሳብ መምህሩን አገባሁና ትምህርት ቤቱ ግቢ ባለች ባለቆርቆሮ ቤት ኑሮ ጀመርን።

ቤቲቱ ከሩቅ ስታብረቀርቅ ታምራለች። ውስጧ ግን ከረፋድ ጀምሮ ምድጃ ነው። ጣሪያው ሲግል ቀጭ ቀጭ ይላል። እናቴ የላከችልኝ ጧፍ ሳይለኮስ ጎብጦ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። እኔም ነጠላዬን ውኃ ውስጥ እየነከርሁ እለብስ ጀመር። የመጀመሪያው ጠባችን ራሱ በሙቀት የመጣ ነው፤ እሱ አቧራ እንዳይገባ በሩ ይዘጋ ይላል፣ እኔ ይከፈት እላለሁ።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ይህን አይተው ከቤታቸው ጀርባ፣ ከትልቁ ሾላ አጠገብ ቦታ ሰጡን።

"ምራቴ ቀልጣ ሳታልቅ ቤት ሥሩ" አሉ።

ባሌ ደስ አለውና ወዲያው ስለ ቆርቆሮ ማውራት ጀመረ።

"የሣር ክዳን ቢሆንስ?" አልሁት።

"ሁለት መምህራን ሣር ቤት ውስጥ? ሰው ምን ይላል?"

"አሁንስ ሰው ምን ይላል? አንድ ጊዜ የመጣ እንግዳ ሁለተኛ አልተመለሰም" አልሁት። ሣቀ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

አባቴ ሊጠይቁኝ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ገበሬ ናቸው፤ የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም የድንጋይ ቤት በእጃቸው የካቡ። ገደሉን በእግራቸው ወርደው፣ በርኖሳቸውን እንደለበሱ፣ ላብ ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ደረሱ።

"አባባ፣ በዚህ ሙቀት በርኖስ ለብሰው መጡ?"

"እና አማቶችሽ ቤት በሸሚዝ ልግባ?" አሉ።

በማግስቱ ከአማቴ ጋር ሆነን ቦታውን አሳየናቸው። አባቴ ዙሪያውን ተመለከቱና ፈረዱ።

"ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ ይሁን። ብርድ የሚከለክል ግድግዳ ሙቀት ለምን ያሳልፋል?"

"ድንጋይ እዚህ አገር ቀን ፀሐይ ይጠጣና ማታ ይተፋዋል" አሉ አማቴ። "የእኛ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው። ከግድግዳው በላይ ደግሞ ነፋስ መግቢያ አለው።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ነፋስ የሚያስገባ ቤት ምኑን ቤት ሆነ?"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነፋስ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልፈረድሁባቸውም። ነገሩን ያበረደው፣ ባልጠበቅሁት መንገድ፣ ባሌ ነው። ቁጢጥ ብሎ መሬቱ ላይ በእንጨት መሣል ያዘ። ፀሐይ በጠዋት እዚህ ናት፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ናት። ድንጋዩ በምዕራብ በኩል ብቻ ቢሆንና የሣር ክዳኑ ጠርዝ ረዝሞ ቢያጠላበት፣ የሚጠጣው ፀሐይ ከየት ይመጣል? ይህን ሲሥልና ሲያጠፋ ቆርቆሮውን ራሱ ረሳው። የሣር ቤት ሲሥል እንደዋለ የነገርሁት ከጨረሰ በኋላ ነው።

"እንግዲህ ሣልሁት" አለ ራሱን እያከከ።

ምዕራቡ ድንጋይ፣ የቀረው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክፍተት ሊሆን ተስማሙ። ምስጥ እንዳይበላው ቋሚው ወይራ ሆነ። የባሌ ዘመዶች በደቦ ወጡ፤ አባቴም የድንጋዩን ጎን ካቡ። የምርጊቱ ቀን ከክፍል ስመለስ በአንድ ወገን ያለውን ክፍተት አባቴ በጭቃ ደፍነውት አገኘሁ። አማቴ ዱላ ይዘው መጡና እርጥቡን ጭቃ እየጎተቱ ጣሉት። እኔ ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ ፈራሁ።

"እጄ ለምዶብኝ ነው" አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

"እኔም እናንተ ዘንድ ብመጣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ሰው በብርድ እፈጃለሁ" አሉ አማቴ። ሁለቱም ሣቁ። የቀረውን ክፍተት ጠርዙን በጣታቸው ያለሰለሱት አባቴ ናቸው።

ሣሩንም "ለእኔ ተዉት" ብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመንዝ ጓሳ በኅብረት የሚጠበቅ የሣር መሬት ነው፤ ሳይፈቀድ አይታጨድም። ሲከፈት ድርሻቸውን አጭደው፣ በአህያ አስጭነው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ይዘውት ወረዱ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሣሩን በእጃቸው እያሹ "ይኸማ ዕድሜ አለው" ተባባሉ። ባሌ ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከደነ።

ክዳኑ ያለቀ ዕለት በቀትር ገባሁና መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ግድግዳው ገና እርጥብ ነበር፤ ጭድ ጭድ ይሸታል። ከላይ በኩል ቀጭን ነፋስ ገብቶ አንገቴን ነካኝ። አገሩን የወደድሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ቤቱ እንከን አልነበረውም አልልም። የበሩን መቃን ባሕር ዛፍ ስላደረግነው ምስጥ በላውና ለወጥነው። ወፎችም በክፍተቱ እየገቡ ጎጆ ሠሩብን። ግን በሙቀቱ ወራት መምህራኑ ሁሉ ምሳቸውን ይዘው እኛ ዘንድ መምጣት ጀመሩ። ከወረዳ የመጣ አንድ ሰው "ቆርቆሮውን መቼ ትመቱታላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ባሌ እጁን ይዞ በግድግዳው ዙሪያ እያዞረ ሲያስረዳው ዋለ። ሰውየው አውቶቡስ አመለጠው።

የመጀመሪያ ልጃችን እዚያ ቤት ተወለደች። ክርስትናዋ በሚያዝያ ሙቀት ስለነበር ለእንግዳው ሰፊ ዳስ ጣልን፤ ሁለቱም አያቶች በአንድነት ሲያዝዙ ዋሉ። እንግዳው ግን አንድ ጊዜ ቤት ከገባ አልወጣም አለ። እኔና ባሌ ሕፃኗን ይዘን ዳሱ ውስጥ ብቻችንን ምሳችንን በላን።